በእርሻ ጥግ እንደሚዘራ ገብስ፦ በሰሜን ሸዋ አዲስ የመዝናኛ ሐሳብን በትንሹ ለመሞከር ዝርዝር መመሪያ

የሰሜን ሸዋ ደገኛ አዲስ የገብስ ዘር ሲሰጡት ማሳውን በሙሉ አይዘራበትም። ከእርሻው ጥግ አንዲት ቁራሽ መሬት ይለይለትና ውርጭ ሲመታው ምን እንደሚሆን ያያል፣ ሚስቱ ለቆሎና ለጠላ ትሞክረዋለች፣ ገለባውን በሬዎቹ ይወዱት እንደሆነ ይመለከታል። ከዚያ በኋላ ይወስናል። የዚሁ ገበሬ ልጅ ተምሮ ወረዳ ሲቀጠርና «የመዝናኛ ቦታ አስፋፋ» ሲባል ግን ማሳውን በሙሉ ይዘራል። አጥር፣ የሲሚንቶ ጎጆ፣ የአንበሳ ሐውልትና የምረቃ ሪባን በአንድ በጀት ዓመት ይከናወናሉ።

እኔም በአንድ ወቅት እንዲህ ባለ ሥራ ላይ እጄን አስገብቼአለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። ስድስት ጎጆ አሠራን፤ ውኃና መጸዳጃ ቤት «በሁለተኛው ዙር» ተባለ። ሁለተኛው ዙር ሳይመጣ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ጎጆዎቹን ፍየሎች ወረሷቸው። ፍየሎቹ ቢያንስ ተጠቅመውባቸዋል። እኛ ግን ሰው ለምን እንዳልመጣ እንኳ አላወቅንም፤ አንድም ቀን አልጠየቅንማ።

ከዚህ በታች ያለው ያንን ስሕተት ላለመድገም የያዝኩት አሠራር ነው። ለወረዳ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ፣ ለወጣት ማኅበር፣ ለትንሽ ሆቴል ባለቤት፣ ቅዳሜና እሁድ ተማሪዎቹን የት እንደሚወስድ ለሚጨነቅ መምህር ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ሰላም። ዞኑ በቅርብ ዓመታት ያየውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ መጥቷል፣ ከዚያም ወዲህ መንገድ የተዘጋበትና ሰው የሞተበት ጊዜ ብዙ ነው። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ሳምንት ሙከራ የለም፤ እንግዳም አይጋበዝም። ትንሽ ሙከራ ጥቅሙ እዚህም ላይ ነው፦ ዛሬ ቢቆም የሚታጠፈው አንድ ድንኳን ብቻ ነው።

1. ያለውን በእግር ዞሮ ማየት

ከቢሮ ወንበር ዕቅድ መጻፍ የለመደ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። አትዝለሉት። ሁለት ሳምንት ያህል ደብተር ይዛችሁ የወረዳችሁ ሰው አሁን እንዴት እንደሚዝናና ተመልከቱ። ጆተኒ የሚጫወቱት ልጆች በቀን ስንት ይከፍላሉ? ማኅበርተኞች ጠበል ጻድቁን ከቀመሱ በኋላ የት ተቀምጠው ያወጋሉ? ሴቶች ከገበያ መልስ የት ያርፋሉ? ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ደብረ ሲና ላይ ሲቆም መንገደኛው ቆሎ ከመግዛት ሌላ ምን ያደርጋል፣ የትስ ይጸዳዳል? የመጨረሻው ጥያቄ ነውር መስሏችሁ እንዳትተዉት። ለብዙ መንገደኛ ከገደሉ ውበት በፊት የሚያሳስበው እሱ ነው።

ሰሜን ሸዋን ለሙከራ የሚመች የሚያደርገው መልክዓ ምድሩ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ተነሥቶ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ ያለፈ ሰው ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተነሣው ሰው ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ይከፍታል። አንድ ንድፍ አባዝቶ ለሁሉም ወረዳ ማደል የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ አየሩ ራሱ የተለያየ ሙከራ ያዛል።

ደብረ ብርሃንን እንግዳ ሁሉ በብርዷ ያማታል። ብርዱን ግን መሸጥ ይቻላል፦ የከሰል እሳት ዳር፣ የመንዝ ባና ትከሻ ላይ፣ ትኩስ ገንፎ ፊት ለፊት። አንጎለላ ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት፣ አያታቸው ሣህለ ሥላሴ የከተሙበት አገር ነው። እዚያ የሚሄድ ባለሥልጣን ሁሉ ሐውልት ያምረዋል፤ እኔ ግን ሕያው የሆነው ፈረሱ ነው ባይ ነኝ። በፈረስ ስማቸው አባ ዲና ሲባል ሣህለ ሥላሴን፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክን የሚያስታውስ ሽማግሌ ልጓም ይዞ ልጅ እያስጋለበ ቢያወጋ የትኛው ሐውልት ይተካከለዋል? አንኮበር የነገሥታቱ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን የአንኮበር ሰሪን የምትባለው፣ ከአገራችን ውጪ የማትገኝ ትንሽ ቡናማ ወፍም ስም መነሻ ነው። ወፍ ፈላጊ ደግሞ ከሌላው ጎብኚ ይለያል፤ ማልዶ ይነሣል፣ ዝም ይላል፣ የሚያውቅ መሪ ካገኘ ደኅና ይከፍላል። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ጥንታዊቱ የገበያ ከተማ ወደ አልዩ አምባ፣ ወደ አርጎባዎቹ መንደር የሚወርደው መንገድ ራሱን የቻለ የቀን ጉዞ ነው። ምንጃር ሸንኮራ የኢራንቡቲን ጥምቀት ያህል በዓል ይዞ ዋናው ችግሩ ጎብኚ ማጣት አይደለም፤ ለመጣው ሰው ውኃ፣ ጥላና መጸዳጃ ማቅረብ ነው። የእዚያ ሙከራ የሦስት ሌሊት የድንኳን ማደሪያ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ብቻ ምረጡ።

2. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

ለምሳሌ የፈረሱን እንያዝ፤ እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል። «ፈረስ ግልቢያ ቱሪዝምን ያሳድጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለስብሰባ ንግግር እንጂ ለሙከራ አይሆንም፤ መልሱ በምን እንደሚለካ ማንም አያውቅም። እንዲህ ቢባል ግን ይሻላል፦ «ልጁን ለግማሽ ሰዓት ከፍሎ ያስጋለበ የደብረ ብርሃን ቤተሰብ በሁለት ወር ውስጥ ተመልሶ ይመጣል ወይ?» ቁልፉ «ተመልሶ» የሚለው ቃል ነው። ሰው አዲስ ነገር ለማየት አንድ ጊዜ ይመጣል። ገንዘቡንና እሁዱን ሁለተኛ ጊዜ ሲሰጣችሁ ነው ማመን ያለባችሁ።

ሁለት ወረዳ ተስማምቶ አንዱን ሐሳብ በአንድ ነገር ብቻ ለይቶ ቢሞክረው ደግሞ ትምህርቱ እጥፍ ይሆናል። በአንደኛው ቦታ ገቢው ተጠራቅሞ ለባለፈረሶቹ እኩል ይከፈል፤ በሁለተኛው እያንዳንዱ ባለፈረስ ያስጋለበውን ያህል ይውሰድ። ዋጋው፣ ሰዓቱ፣ የፈረሱ ብዛት አንድ ይሁን። ከዚያ የትኛው ቦታ ጠብ እንደበዛበትና የትኛው ፈረስ በደንብ እንደተያዘ ይታያል። ይህን ከአዲስ አበባ የመጣ አማካሪ ሊነግራችሁ አይችልም፤ እንደየአገሩ ሰው ይለያያላ።

የቀን መቁጠሪያውን አትርሱ። ክረምቱ ጭቃ ነው፣ የበልጉ ዝናብም የካቲት አካባቢ ሊጀምር ይችላል፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የጥምቀት ሰሞን የሚመጣው ሕዝብ ደግሞ የማንንም ስሌት ያዛባል። ለፈረሱ ሙከራ የምመርጠው ከጥቅምት የመጀመሪያ እሁድ ጀምሮ ስምንት እሁድ ነው። የጠዋቱ ውርጭ እስኪለቅና ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ቤቱ እስኪገባ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አይጀመርም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ የመጨረሻዎቹን እሁዶች የምግብ ሽያጭ ከቀደሙት ጋር አታወዳድሩ።

3. ከሽማግሌዎች ጋር መነጋገርና ፈቃድ መያዝ

ካርታ ላይ ባዶ የሚመስል መሬት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባዶ አይደለም። የግጦሽ ነው፣ ወደ ጠበል መውረጃ ነው፣ የልቅሶ መሰብሰቢያ ነው፣ የጉግስ ሜዳ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ይዛችሁ ሳይሆን ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሂዱ። የደብሩን አለቃ ወይም የመስጊዱን ኢማም፣ የእድር ዳኛውን፣ የቀበሌ ሊቀ መንበሩን፣ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ጭምር ስሙ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይህ ነገር ሲያልቅ ሜዳው የማን ይሆናል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «የእናንተው ነው፤ አጥር አናጥርም፣ ምሰሶ አንተክልም» የሚል መልስ በቃልም በጽሑፍም ከሌላችሁ ተመልሳችሁ ሂዱ።

ሰው የራሱን መሬት በራሱ ሕግ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መንዝ ውስጥ የጓሳን ሜዳ የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲያስተዳድረው ኖሯል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ተመርጦ ያስጠብቃል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይታጨዳል፣ ከዚያም እንደገና ይዘጋል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት እዚያ የሚያድር እንግዳ የሚያየው ያንን ሕግ ነው። ታርሶ ቢሆን ኖሮ የሚታይ ነገር አይኖርም ነበር። እኔ ቄሮን የጥበቃ ታሪክ ብቻ አድርጌ አልወስደውም፤ መክፈቻና መዝጊያ ያለው አሠራር ስለሆነ የእያንዳንዱ ሙከራ አባት አድርጌ ነው የማየው።

ስምምነቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ቦታው ከየት እስከ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ገቢው ለማን በምን ያህል፣ ከብት በየት በኩል ያልፋል፣ ጉዳት ቢደርስ ካሣውን ማን ይከፍላል። የቀበሌው ማህተም ይረፍበት፣ አንዱ ቅጂ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጥ። ቦታው የቅርስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ወይም የቆየ ቤተ ክርስቲያን፣ ድንጋይ ከማንሣታችሁ በፊት የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደሚመለከታችሁ እወቁና በወረዳው ባህልና ቱሪዝም በኩል ፈቃድ ጠይቁ።

4. መቆሚያውን ከመጀመሪያው መወሰን

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ማንም «ይቅር» ለማለት አይደፍርም፤ ይሉኝታ አለ፣ የተገመገመ ዕቅድ አለ፣ የአለቃ ፊት አለ። ስለዚህ ገና አንድ ፈረስ ሳይጫን ተቀምጣችሁ ጻፉ፦ «በስምንተኛው እሁድ ከመጡት ቤተሰቦች ከአምስቱ አንዱ ተመላሽ ካልሆነ እናቆማለን። ሕፃን ከወደቀና ከተጎዳ በዚያው ቀን እናቆማለን። ባለፈረሶቹ በቀን ሥራ ከሚያገኙት ያነሰ ካገኙ አከፋፈሉን እንቀይራለን።» ቁጥሩን እናንተው ታወጡታላችሁ። ዋናው ነገር ልብ በቀዘቀዘበት ሰዓት መውጣቱ ነው።

5. ገንዘቡ

ሙከራ በብድር አይጀመርም። ብድር የገባ ሰው ውጤቱን እውነት እንዲሆን ሳይሆን ጥሩ እንዲሆን ይፈልጋል። ከእቁብ፣ ከማኅበር መዋጮ፣ ከሆቴል ባለቤት ድጋፍ ወይም ከወረዳው ትንሽ በጀት የሚገኘው ይበቃል።

እንበል 40,000 ብር አላችሁ። እኔ ብሆን 12,000ውን ለመጸዳጃና ለእጅ መታጠቢያ፣ 8,000ውን ለኮርቻ፣ ለእርካብና ለልጓም ጥገና፣ 6,000ውን ለአስተናባሪ ልጆች ክፍያ፣ 4,000ውን ለሕፃናት ሄልሜትና ለመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አውለዋለሁ። ቀሪውን 10,000 አልነካውም። እሱ የመዝጊያው ገንዘብ ነው፦ ለካሣ፣ ለጽዳት፣ ሜዳውን እንደነበረ ለመመለስ። ለሰሌዳና ለሪባን ምንም አልመደብኩም፤ ዋጋው በካርቶን ላይ ቢጻፍም ይነበባል። ነገር ግን ይጻፍ። ዋጋው ያልተጻፈበት ቦታ እንግዳው የሚከፍለው በፊቱ ቀለምና በመኪናው ልክ ነው፣ ሁለተኛም አይመጣም።

6. ደብተሩ

ስድስት አምድ ይበቃል፦ ቀን፣ የመጡ ሰዎች ብዛት፣ ከየት እንደመጡ፣ ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ፣ የከፈሉት፣ ቅር ያላቸው ነገር። ደብተሩን ከገቢው የማይካፈል ሰው ይያዝ፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለዚህ ከማንም ይሻላል፣ ገና ማጋነን አልተማረም። ግምት አይጻፍም፤ ያልተቆጠረ ባዶ ይተው።

ሰባተኛ አምድ የምጨምረው ስላልመጡት ነው። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎችን በየእሁዱ አምስት ያህል አስቁማችሁ «ለምን አልገቡም?» በሏቸው። «ለሴት ልጅ የሚሆን አልመሰለኝም»፣ «የሀብታም ቦታ ነው ብዬ»፣ «ውሻው»። እንዲህ ያለ መልስ በስልጠና አይገኝም።

7. በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ መቀየር

ዋጋ ቀንሳችሁ፣ ሰዓት ቀይራችሁ፣ ሙዚቃ ጨምራችሁ ሰው ቢበዛ ምክንያቱን አታውቁትም። አንድ ሳምንት፣ አንድ ለውጥ። ትዕግሥት የሌለው ሰው በዚህ ደረጃ ላይ ይታወቃል።

8. ጉዳቱን መከታተል

ጥቅሙን የሚቆጥር ይበዛል፤ ጉዳቱን የሚቆጥር አንድ ሰው ሹሙ። ትምህርት ትቶ እንግዳ መከተል የጀመረ ልጅ አለ? ላስቲክ ወንዝ ገባ? ፈረሱስ? ጀርባው የተገጠበ ፈረስ በዚያ ቀን አይጫንም፤ ባለቤቱ ቢለምንም አይጫንም። ያልተጫነበትን ቀን ከጋራው ገንዘብ ትንሽ ክፈሉት እንጂ ቁስሉን በግላስ ሸፍኖ እንዲያመጣው አታስገድዱት።

ሙከራችሁ ጣርማበር ወይም ጓሳ አካባቢ ጭላዳ ባለበት ከሆነ አንድ ጥብቅ ሕግ ይኑር፦ ምግብ መስጠት ክልክል ነው። ጭላዳ ሣር በል ነው። ብስኩትና ዳቦ የለመደ መንጋ ሰው አይፈራም፤ ሰው ያልፈራ መንጋ ገብስ ውስጥ ይገባል፤ ገብሱ የተበላበት ገበሬ ደግሞ ወንጭፍ ያነሣል። በሁለት ዓመት ውስጥ እንግዳው ሊያየው የመጣውን እንስሳና አስተናጋጁን ገበሬ ታጣላላችሁ። ይህን ለእንግዳ የሚነግረው አስተናባሪው ነው፣ በትሕትና፣ ግን ሳያፍር።

9. የውሳኔው ቀን

ስምምነቱ በተፈረመበት ዛፍ ሥር እነዚያኑ ሰዎች ሰብስቡ። ደብተሩን የያዘው ተማሪ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ከዚያ በ4ኛው ደረጃ የተጻፈው ወረቀት ይውጣ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ማቆም፣ አሻሽሎ ሌላ ስምንት ሳምንት መሞከር፣ ወይም ማስፋት። ማስፋት ማለት ወዲያው ጎጆ መገንባት አይደለም፤ ከአምስት ፈረስ ወደ አሥር፣ ከአንድ ሜዳ ወደ ሁለት ማለት ነው። ብሎኬት የሚታሰበው ሦስተኛውን ዙር ካለፈ በኋላ ነው።

ማቆም ከተወሰነ ባለፈረሶቹን አመስግናችሁ፣ ቀሪ ሒሳባቸውን በዚያው ቀን ከፍላችሁ፣ የመጸዳጃውን ጉድጓድ ደፍናችሁ ውጡ። በደንብ የተዘጋ ሙከራ ያየ ቀበሌ ለሚቀጥለው ሐሳብ በሩን ይከፍታል።

10. ለጎረቤት ወረዳ ማስተላለፍ

ዞን ያላችሁ ሰዎች፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። ሁሉም ወረዳ «ክንውን 98 በመቶ» ብሎ ሲልክ በዞኑ ውስጥ ምንም እንዳልተሞከረ እወቁ፤ ከሞከሩት ውስጥ የከሸፈ መኖሩ አይቀርምና። ትንሽ ገንዘብ ለይታችሁ ለአምስት ወረዳ ስጡ፤ እንዲያሸንፉ ሳይሆን የተለያየ ነገር እንዲሞክሩ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ይሁን፦ መጨረሻ ላይ ሁለት ገጽ መጻፍ። የመጀመሪያው ገጽ ምን ተሞከረ፣ ቁጥሩ ምን አለ። ሁለተኛው ገጽ ምን ከሸፈ፣ ለምን። ሁለተኛው ገጽ ባዶ የሆነ ሪፖርት ይመለስ። ክሽፈቱን በደንብ የጻፈ ወረዳ በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ እንደሚያገኝ ሲታይ ሌሎቹም መጻፍ ይጀምራሉ፤ ሲቀጣ ከታየ ግን ሁሉም ወደ 98ቱ ይመለሳል።

ከወረቀቱም ይልቅ ሰው ይሂድ። የአንኮበሩ ወፍ መሪ ለሁለት ቀን መንዝ ይደር፣ የአንጎለላው ባለፈረስ ምንጃር ወርዶ ይይ። ዕቃውም ይዙር። ከሙከራው የተረፈው ንብረት መጋዘን ገብቶ አይጥ እንዳይበላው፣ በስም ዝርዝር ተቆጥሮ ለሚቀጥለው ወረዳ ይተላለፍ፦ ድንኳኑ ከነካስማው፣ ኮርቻዎቹ ከነግላሳቸው፣ ሄልሜቶቹ፣ የእርዳታ ሳጥኑ፣ የእጅ መታጠቢያው በርሜል፣ ያልተጻፈባቸው ደብተሮች። ተረካቢው ወረዳ ከመፈረሙ በፊት ካስማዎቹን አንድ በአንድ ይቁጠር፤ ሁልጊዜ ሁለት ይጎድላሉ።